መልስ የጠፋበት መሳላ

ገነቴ ከዳምቦያ ወጣ ባለ መንደር የምትኖር መበለት ናት። ልጆቿን አጵሎስንና ሰሎሜን ቅቤ እየነገደች አሳደገች። አጵሎስ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ወጣ፤ ከታንዛኒያ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

በእነ ገነቴ ቤተሰብ አንድ ልማድ አለ። በመስቀል በዓል፣ በመሳላ ዋዜማ፣ ችቦ ሳይለኮስ፣ የቤቱ ትልቅ ሰው ደጅ ቆሞ የራቀውን ልጅ ስም ይጣራል። ከቤተሰቡ አንዱ እንሰቱ ውስጥ ተደብቆ፣ የልጁን ድምፅ አስመስሎ «መጣሁ!» ይላል። ሲተረክ፣ ድሮ አንድ መንገደኛ ለበዓሉ ቢመለስ የሚጠራው አጣ። «ረስተውኛል» ብሎ ከደጃፉ ዞረ፤ ዳግመኛም አልታየ። ከዚያ ወዲህ የራቀ ሁሉ መንገዱ እንዳይጠፋበት ስሙ ይጠራል፣ በእሱ ፈንታም መልስ ይሰጥለታል። በሞተ ሰው ፈንታ ግን መልስ መስጠት ነውር ነው።

አምና መላሿ ሰሎሜ ነበረች። ድምፅዋን አጎርንና «መጣሁ! ክትፎዬን ለማንም እንዳትሰጡብኝ!» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ገነቴም እንባ እስኪወጣት ሳቀች።

ዘንድሮ በዋዜማው ሰሎሜ ገበያ ወጥታ መልካሙን አገኘችው። ከአጵሎስ ጋር አብሮ የሄደ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ተይዞ መመለሱን ማንም አልሰማም።

«ማላዊ ጫካ ውስጥ ቀበርነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እናትሽን በምን ዓይኔ ልያት ብዬ ነው ከተማ የቀረሁት።»

ሰሎሜ ወደ ቤት ተመለሰች። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። መናገር ቢያቅታት እንደ ልማዷ እንሰቱ ውስጥ ገባች።

«አጵሎስ!» ብላ ተጣራች ገነቴ።

ሰው ሁሉ ወደ እንሰቱ ዞረ።

«ሰሎሜ፣ አልሰማሽም እንዴ? አጵሎስ!»

ከእንሰቱ ውስጥ ታፍኖ የቆየ ሲቃ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። ገነቴ ግን ወደ እንሰቱ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ መልሺልኝ። ውሸትም ቢሆን መልሺልኝ።»

«እማዬ፣ አልችልም።»

ለበዓል የመጣው ሰው እዚያው ለለቅሶ ተቀመጠ። ሲነጋ መልካሙ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። ገነቴ አነሳችው፤ አልረገመችውም።

«ሲሞት ውሃ አግኝቶ ነበር?» አለችው።

መልካሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጇ ማንንም ምንም አልጠየቀችም።