አሥራ ሁለተኛው በር

አንባቢዎቹ «አቶ አራት» ይሉታል። ብዙ ወጪ የፈሰሰባቸውን የቪዲዮ ጌሞች ለአንድ መጽሔት ይገመግማል፤ ከአስር አራት ከሰጠ እጁ ተፈትቶ ነው። ክፉ ሆኖ ግን አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ዓይኑ እስኪቀላ ተጫውቶ ያገኘው ነገር አንድ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ያብለጨልጫል፣ ገባ ሲሉ ወና።

የሰሞኑ ጌም ደግሞ ጭራሽ አንጀቱን አሳረረው። አንድ ትልቅ ከተማ ተገንብቶበታል። ዝናቡ ጠብታው ይቆጠራል፣ የሰዉ ግንባር ላይ ላቡ ሳይቀር ይታያል፤ በር ሲገፉ ግን አይከፈትም። የሚቀጥለውም አይከፈትም። አንኳኳ፣ ረገጠ፣ በመኪና ገጨ። ወይ ፍንክች! ጽሑፉ ለሰኞ ጠዋት መድረስ ነበረበትና ተንገሽግሾ ጨረሰው፦

«የከተማውን በሮች ሁሉ ሞክሬያለሁ። የሚከፈቱት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። የቀሩትን የሠራው ሰው ቤት የሚባል ነገር አያውቅም። አራት ከአስር።»

«ይህቺ ‹ቤት አያውቅም› ያልካት ነገር ሰዉን በሳቅ ትገድለዋለች!» አለው የመጽሔቱ አዘጋጅ በስልክ። እውነትም እስከ ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲቀባበላት ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቱ ደወለች። ልጆች ሳሉ ጆይስቲኩ አንድ ነበር፤ እሱ ይጫወታል፣ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ተራዬ ደረሰ?» ትላለች። ይኼው ጌም ወዳድነት ተጋብቶባት፣ ለትልልቅ ኩባንያዎች በኮንትራት የጌም ሥዕል በሚሠራ ድርጅት ተቀጥራ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ምሥጢር እንዳታወጣ ፈርማለችና ምን እንደምትሠራ ሲጠይቃት ሦስት ዓመት ሙሉ መልሷ «ሥራ» ብቻ ነው። ለእናታቸው ሰባኛ ዓመት ልደት እንኳ አልመጣችም፤ በዚህም ተቀይሟት ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ቤት የማታውቀው እኔ ነኝ» አለችው።

ክው አለ። «አንቺ ነሽ በሮቹን የሠራሽው?»

«ከነክፍሎቻቸው! አልጋው፣ መጋረጃው፣ ምድጃው ላይ ያለው ድስት ሳይቀር። ሦስት ዓመት ቤቴን ያላየሁት እነሱን ስሠራ ነው። ከዚያ ኩባንያው ጌሙ ቶሎ ይውጣ አለና በሮቹን አስዘጋኝ።»

«እኔ ምን አውቄ? ምናለ ብትነግሪኝ!»

«ነጥብ ጨምር አላልኩህም፤ አራትም ይበዛበታል። ግን አንዱን በር ሳያዩኝ ክፍት ትቼው ነበር። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው። አንተ አንድም ሳትነካ እንደማታልፍ አውቃለሁ ብዬ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁሉንም ሞክሬያለሁ ብለህ ጻፍክ አይደል?»

ዘጋችው።

ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጌሙ ውስጥ ወዳለው ዳቦ ቤት ጀርባ ሄደ። በዚያ ሰፈር ቅዳሜ ዕለት በሩጫ አልፏል፤ የቀሩትም ያው ናቸው ብሎ። ሰማያዊውን በር ገፋ ሲያደርገው ተከፈተ። ያደጉበት ክፍል ነው። ተደራራቢው አልጋ፣ አንድ እግሩ በመጽሐፍ የተደገፈው የቴሌቪዥን ጠረጴዛ፣ ወለሉ ላይ ሁለት ትራስ። ጆይስቲኩ በእሷ ትራስ ላይ ተቀምጧል። አፈረ፤ በራሱም ተናደደ።

አዘጋጁ ጋ ደወለ። «አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉንም አልሞከርኩም ብለህ አርምልኝ። ‹ቤት አያውቅም› ያልኩባትንም ሰርዛት።»

«ለአንዲት በር ብለህ? ቀልዷን እኮ አገር ምድሩ አውቋታል፣ ከእንግዲህ በምን ትመለሳለች!»

ወደ እህቱ ደወለ። ይጠራል፣ አታነሳም። ደግሞ ደወለ። አሁን ቁጭ ብሎ የመጠበቁ ተራ የእሱ ነው።