ከሮቶው ጀርባ ይታይ የነበረው ዓባይ

በቀለች በካርቱሙ ጦርነት ጊዜ ጣሪያ ላይ አንሶላ እያሰጣች ለታጣቂዎች ምልክት ትሰጥ ነበር አሉ። ቀዩ «ወታደር መጣ»፣ ነጩ «መንገዱ ሰላም ነው»፤ ባለ አበባው ደግሞ መድፍ ያስተኩሳል። ወሬውን ያደመቀው ንጋቱ ነው፤ የተሰጣ ካልሲ ቢያይ እንኳ ጦር ሰራዊት የሚታየው ሰው። ሳጃና ሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ሻዩ ሳይበርድ በቀለችን ኮሎኔል አድርጎ ሾማት።

ማን ያምናል? ዕድሜዋን በዐማራት ሰፈር ቪላዎች ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት፤ ስለ ቀለም የምታውቀው የሚለቀውንና የማይለቀውን ነው።

ጣሪያ መውጣቷ ግን እውነት ነበር። ዴም ሰፈር በተከራየችበት ፎቅ አናት፣ ከውሃ ሮቶው ጀርባ፣ አንድ ሰው ቁጢጥ የሚልባት ቦታ ነበረች። ከዚያ በሁለት ሕንፃዎች መሀል የጣት ስፋት የምታህል ዓባይ ትታያለች። ክረምት ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል። የጎጃም አፈር ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አምጣ ሳይባል፣ ፖሊስ ሳያስቆመው፣ ካርቱምን ሰንጥቆ ያልፋል። በቀለችም «እሰይ የኔ ጌታ! እለፍ!» ትለዋለች። ይህን ከአከራይዋ ከሙሚና በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን መድፍ ጣሪያውንም ሮቶውንም ይዞ ሄደ። ደረጃው ብቻ ቀረ፤ ሽቅብ ወጥቶ አየር ላይ ያበቃል።

ከተማዋን ሌላው ወገን፣ ወታደሩ፣ ሲይዝ «ለታጣቂዎቹ ማን ሠራ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው ጫማው በሩ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል።

«ያ በቀለች፣ ስለ ጣሪያው እየጠየቁ ነው» አለች ሙሚና በዐረብኛ አጠራሯ። «ነገ እኛ ጋ ናቸው።»

«እኔ እኮ ወንዝ ነው ያየሁት!»

«ለጠመንጃ ወንዝ ማየትን ልታስረጂው ነው? ወላሂ፣ አንቺ ሴት!»

ንጋቱም ፊቱ አመድ መስሎ ከች አለ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነበር...»

«ኮሎኔልህ እያዘዘችህ ነው፤ ከፊቴ ጥፋ!»

በማግስቱ መኪና በሩ ላይ ቆመ። የወረደው ወታደር ተንጠልጥሎ የቀረውን ደረጃ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ያ ሀበሺያ፣ ከዚያ ላይ ምን ይታይ ነበር?»

በቀለች አፏ ውስጥ ዓባይ ሞላ፤ ድፍርሱ፣ የክረምቱ። ዋጠችው።

«ከፍታ ያዞረኛል፣ ልጄ» አለች። «ልብስ የማሰጣው ግቢ ነው። ጣሪያ ወጥቼ አላውቅም፤ ከዚያ የሚታይም ነገር አልነበረም።»