ትንሽ ወደ ግራ

ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከዶርዶኝ ወንዝ በላይ፣ ጎብኚ ሁሉ ወንዙንና ማዶ ያለውን የድሮ ግንብ እያየ አፉን ከፍቶ በሚቆምበት ገደል ጫፍ፣ የነተበ ሰማያዊ የሥራ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ፎቶ እንዲያነሱት ስልኩን ለሚሰጣቸው ሁሉ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ይነሳሉ። በጋውን ሙሉ እንዲህ ናቸው።

“ትንሽ ወደ ግራ፣ የኔ ልጅ። አሁንም ትንሽ።”

አይስክሬም ሻጯ ሶላንዥ ከጃንጥላዋ ሥር ትስቃለች። “አንተ ሽማግሌ፣ ወንዙም ግንቡም በዚያ በኩል ነው! ዛሬም ሰዉን አታልለህ ልትሰደው ነው?”

እሳቸው ፎቶውን ያነሳሉ።

ትናንት እኔንም አነሱኝ። ፎቶው ላይ ወንዙ የለም። ከትከሻዬ በላይ ግን መስኮቶቿ የተዘጉ አንዲት የድንጋይ ቤት አለች፤ በመስከረም ለጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ ተብላ የምትፈርሰው።

“የእርስዎ ናት?” አልኳቸው።

“እናቴ እዚያ ነው የወለደችኝ።” ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ አሹ። “ያፍርሷት። በፎቶ ስንት ሰው ቤት ገብታለች መሰለህ! እስቲ ሁሉም ቤት እየዞሩ ሲያፈርሷት እናያለን።”

ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ሌላ ስልክ ተዘርግቶላቸው ነበር።