ባለቤቴ ያቃናችው መኪና

የአሜሪካ ኢኮኖሚ በተንኮታኮተበት ሰሞን፣ ባለቤቴ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የምትነዳበት፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ አጠገብ ያለው የፋርመርስ ብራንች መጋዘን ብዙ ሠራተኛ ሌይ ኦፍ ሲያደርግ እሷም አብራ ወጣች። ስታለቅስ አላየኋትም። መጀመሪያ ግራንድ ፕሬሪ የተከራየነውን ቤት የበር ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀባች። ቀጥላ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ፈትታ ገጠመች። ከዚያ የምትጠግነው ነገር አለቀባት። እኔ ያኔ ከኤርፖርት ሰው የማመላልስ የታክሲ ሹፌር ነበርኩ። ወጥቼ በተመለስኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ የተጋጩ መኪኖች ፎቶ ስታይ አገኛት ጀመር።

«ምንድነው የምታይው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ና እስኪ፣ ይቺን ተመልከታት።»

ጥቁር የጀርመን መኪና ናት፤ ሆቴል ደጃፍ ስትቆም ዘበኛው ሮጦ በር የሚከፍትላት ዓይነት። ግራ ጎኗ ግን ከፊት መብራቷ እስከ ኋላ ጎማዋ ተጨራምቷል። ኢንሹራንሱ ማሠራቱ አያዋጣም ብሎ ጥሏት ለጨረታ ኦክሽን ተልካለች።

«ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ላቃናት ነዋ!»

አባቷ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባትላሜራ ነበሩ። የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ወደ ነበረበት ቅርጽ በመመለስ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አስቀምጣ መኪናው ውስጥ ትገባና ከውስጥ በኩል ብረት ደግፋ ትይዝላቸዋለች፤ እሳቸው ከውጭ ይመታሉ። ከፍ ስትል ደግሞ መዶሻውን ለሷ እየሰጡ እሳቸው ይደግፉ ጀመር። ይህን ሁሉ ገና ሳንጋባ ነግራኛለች። እኔ ግን የሰማሁት እንደ ልጅነት ጨዋታ እንጂ እንደ ሙያ አልነበረም።

ኦክሽኑ ላይ ለመጫረት የነጋዴ ላይሰንስ ያስፈልጋል። ደግነቱ አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ የኮምቦልቻ ልጅ፣ እዚያው ግራንድ ፕሬሪ ትንሽ የአሮጌ መኪና መሸጫ ከፍቶ ነበር። ሦስታችን ሆነን መኪናዋን ለማየት ሄድን። ቦታው ሰፊ የጠጠር ሜዳ ነው፤ ፊታቸው የተጨፈለቀ፣ ጣራቸው የተደፋ መኪኖች ዓይን እስኪደክም ተደርድረዋል። ንፋሱ የተሰበሩትን በሮች ያንኳኳል። ወዳጃችን ጥቁሯን መኪና አንዴ ዞራትና ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይቺ ወላሂ ሞታለች። ከኋላዋ ትንሽ የተነካች ጃፓን ሠራሽ ልፈልግልሽ።»

ባለቤቴ ያመጣችውን ካርቶን ጠጠሩ ላይ አንጥፋ በጀርባዋ ተኛችና ባትሪ ይዛ ሥሯ ገባች። እግሯ ብቻ ነው የሚታየን። ብዙ ቆይታ ወጣች።

«ሻንሲው ደህና ነው» አለች ጠጠሩን ከፀጉሯ እያራገፈች። «የተጎዳው ቆዳው ነው። ግዛልኝ።»

ገዛላት።

መኪናዋ በተጎታች መጥታ ጋራዣችን ውስጥ ስትገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሣር ማጨዱን አቁሞ ያይ ነበር። ባለቤቴ በማግስቱ መፍታት ጀመረች። የፈታችውን ብሎን ከየት እንደወጣ እየጻፈች በፌስታል ታስራለች። የፊት መከላከያው ፓራውልት ተነሳ፣ ኮፈኑ ተነሳ፣ በሮቹ ወረዱ። ጋራዣችን የሥጋ ቤት መሰለ። የፊት ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ የተነሳ ዕለት ግን እጇ ቀጥ አለ። ብጠራት ብጠራት አትሰማም። ሄጄ ሳይ፣ ከፓራፋንጎው ጀርባ ያለው ወፍራሙ ብረት፣ ደህና ነው ያለችው ሻንሲ፣ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ተሳስቻለሁ» አለችኝ። መብራቱ ደካማ ነበር፣ ጭቃው ሸፍኖት ነበር አላለችም። ተሳስቻለሁ ብቻ።

«እንግዲያው በትነን እንሽጣት። መብራቷ ብቻ ስንት ያወጣል!» አልኳት።

«ኦኬ፣ ለዛሬ በቃኝ» ብላ ተነስታ እጇን ታጠበች።

አበቃ ብዬ ነበር። ጠዋት ግን ልብሷን ለባብሳ፣ ከኛ ሰፈር ብዙም የማይርቅ የአንድ ሜክሲኳዊ ጋራዥ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ሰውዬው የሸመገለ፣ የገለባ ባርኔጣ የማይለየው፣ ሲበዛ ቁጥብ ሰው ነው። የታጠፈ ሻንሲ በሰንሰለት ወጥሮ የሚጎትት ማሽን ነበረው። ባለቤቴ የመኪናዋን ፎቶ ስታሳየው ገና አይቶ ሳይጨርስ «ኖ» አለ። ሥራ ሞልቶበታል፣ ለሰው ፕሮጀክት ጊዜ የለውም።

ባለቤቴ አልተከራከረችም። እዚያው በርሜል ላይ የተዘረጋ፣ መሀሉ የሰረጎደ የፒካፕ በር ነበር። ወደ በሩ ጠቆመች፣ ወደ መዶሻው ጠቆመች፣ ከዚያ ወደ ራሷ። ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ከፈለግሽ ሞክሪ እንደማለት። በሩን ገለበጠችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከጠርዙ ጀምራ ዙሪያውን ቀስ እያለች ትመታ ጀመር። ሰውዬው ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁ ሳበው መሰለኝ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ስትጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በበሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራተተ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቢሮ ውስጥ ስልክ የምታነሳውን ሚስቱን ጠርቶ የሷንም እጅ ይዞ በሩ ላይ አስኬደው።

በዚሁ ተስማሙ። ባለቤቴ ለጥቂት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት የሱን ቆርቆሮ ታቃናለታለች፤ እሱ የኛን ሻንሲ ይጎትትልናል። የሱ እንግሊዝኛ አጭር፣ የሷም ያው ስለሆነ በእጅና በቅንድብ ነበር የሚግባቡት። በስፓኒሽ ሴኞራ፣ እመቤት፣ ይላታል። እሷ ደግሞ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ስሙ የሆነ ያህል ወዲያው አቤት ይላል። መኪናዋ በሰንሰለት ተወጥራ ማሽኑ መጎተት ሲጀምር ብረቱ እንደታመመ ሰው አቃሰተ። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሁለቱ ግን ጎንበስ ብለው በሜትር እየለኩ፣ ትንሽ አስጎትተው እያቆሙ፣ እንደገና እየለኩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆዩ። በመጨረሻ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ባለቤቴ ራስ ላይ ደፋው። ተቃንቷል ማለቱ ነበር።

ፓራፋንጎውንና የግራ በሮቹን ከሌላ መኪና የወጣ አግኝተን ቀየርን። ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ ግን በብሎን የታሰረ አይደለም፤ ከመኪናው አካል ጋር የተበየደ ነው። ሰው ሁሉ ቆርጠሽ ሌላ አስበይጂ አላት። እሷ ግን አባቷ ያስተማሯት መቁረጥ እንዳልሆነ ተናግራ መዶሻዋን አነሳች። ቀናት ፈጀባት። አንድ ቦታ ላይ፣ ከጎማው ቅስት ጠርዝ፣ ቆርቆሮው አልታዘዝ አለ። አንዱን ጎን ስታወጣው ሌላው ይሰረጉዳል።

አንድ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል ስልኳን የመኪናዋ ጣራ ላይ አስቀምጣ ስፒከሩን ከፍታ አገኘኋት። በስልክ ካርድ አዲስ አበባ ደውላ ነበር። እዚያ ሊመሽ ተቃርቧል። አባቷ ከሥራ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል።

«አባባ፣ እየሰሙኝ ነው?»

«እሰማሻለሁ። ምቺው እስኪ።»

መታችው።

«ደርቋል» አሉ። «መሀሉን አትንኪ ልጄ። ዙሪያውን ዙሪው። መዶሻሽም ከባድ ነው፣ ለውጪው።»

መዶሻ ለወጠች። እንደገና መታች። እሳቸው ከዚያ ሆነው «እዚያ ላይ... አዎ... እሱን ተዪው፣ ወደ ጎን ሂጂ» ይሏታል። ብረቱን አላዩትም፤ የመኪናዋንም ዓይነት ነግራቸው እንደሆነ እንጃ። ድምፁን ብቻ ነው የሚሰሙት። እየቆየ ምክሩ ቀረና ያዳምጡ ጀመር። እሷም ትመታለች። ቁልፌን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ታክሲዬን ረሳሁት። ከድብደባው ውስጥ መጀመሪያ የተሰነጠቀ ይመስል የነበረው ድምፅ ቀስ በቀስ ሲጠራ እኔ ምንም የማላውቀው ሰው እንኳ ለየሁት።

«ተመለሰ» አሉ አባቷ። «አሁን ስቱኮ ብዙ አትለጥፊበት። እንዳታበላሺው።»

ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። እጅጌዋን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ላብ ይሁን እንባ አልጠየቅኳትም።

ሰው እንዳይጎዳ የሚነፉት ኤርባጎች በግጭቱ ፈንድተዋል። የኮምቦልቻው ወዳጃችን ሊረዳን ብሎ አንድ ሐሳብ አመጣ።

«ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ መብራት ማጥፋት ይቻላል፤ ማለቴ፣ ኤርባጉ ባይኖርም ያለ ያስመስለዋል። ብዙ ሰው ነው የሚያደርገው።»

«የገዛት ሰው ልጆቹን ይዞባት ቢሄድስ?» አለችው።

«አስተግፊሩላህ፣ እውነትሽን ነው» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ዘግቶ ጭምር የዳላስን የመኪና መበተኛ ሲያስስ ሰንብቶ፣ የዚያችኑ ዓይነት መኪና ያልፈነዳ ኤርባግ አቅፎ መጣ። «አብሽሪ እህቴ፣ ተገኘ!» እያለ ከሩቅ ነበር የሚጮኸው።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። መጀመሪያ ጋራዣችንን በላስቲክ ሸፍና፣ ወለሉን አርጥባ ቀባችው። ሲደርቅ አቧራው ብቻ ሳይሆን አንዲት የእሳት እራት ክንፏን ዘርግታ ኮፈኑ ላይ ተለጥፋ ተገኘች። ጥቁር ቀለም ደግሞ ትንሹን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። ባለቤቴ የእሳት እራቷን አይታ ሳቀች፣ ከዚያ መላውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ አወረደችው። ሁለተኛውን ሜክሲኳዊው ሽማግሌ በራሱ የቀለም ክፍል እንድትቀባ ፈቀደላት። መኪናዋ ስትወጣ ጎኗ እንደ መስታወት የሚያሳየውን የዛፍ ቅጠል አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር።

መኪናዋ የመንገድ ብቃት ምርመራውን፣ ኢንስፔክሽኑን፣ አልፋ፣ ተጠግና የተመለሰች መሆኗን የሚገልጽ የባለቤትነት ወረቀት፣ ታይትል፣ ከወጣላት በኋላ፣ ባለቤቴ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ወደ ሌዊስቪል ወሰደችኝ። ሐይቁ ላይ ያለው ረጅሙ ድልድይ ጋ ስንደርስ ጣቶቿን ከመሪው ላይ ለቀቅ አደረገች።

«አንቺ! ምን ሆነሻል? ያዢው እንጂ!»

«እየው፣ እየው» አለችኝ።

መኪናዋ ወዲህም ወዲያም ሳትል መስመሯን ይዛ ሄደች። እኔ የተበላሸ ነገር አይቼ መተው የሚቀለኝ ሰው ነኝ። ከጎኔ ያለችው ሴት ግን ሁሉም ሞታለች ያላትን መኪና ቀጥ አድርጋ ውኃ ላይ እያስኬደች ነበር። ምን ዓይነት ሰው እንዳገባሁ ያወቅሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

ልንሸጣት አስተዋወቅናት። አንድ የሌዊስቪል ሰው ቅዳሜ መጥቶ ሊያያት ተቀጠረ። ባለቤቴ ገዢው እንዳይታለል የተጋጨችበትን ጊዜ ፎቶ ሁሉ አትማ አዘጋጀች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልታጥባት ከጋራዥ አወጣቻት። አጥባ ሳትጨርስ ሰማዩ አረንጓዴ ጥቁር ሆነ። እንደዚያ ዓይነት ሰማይ ቴክሳስ የኖረ ሰው ያውቀዋል። የዶሮ እንቁላል የሚያክል በረዶ በአንድ ጊዜ ወረደ። ብርድ ልብስ ይዛ ልትወጣ ስትል ወገቧን ይዤ አስቀረኋት። በረንዳው ላይ ቆመን፣ ያ ሁሉ ልፋት ዓይናችን እያየ ሲደበደብ ተመለከትን።

ሲያባራ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በረዶው ላይ እየተንሸራተተች ሄደች። መስታወቱ ተርፏል። ኮፈኑና ጣራው ግን የእንቁላል መደርደሪያ መስለዋል። እኔ ማልቀስ ቃጥቶኝ ነበር። እሷ ጣራውን ዳሰሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ መንገዱን ቃኘች። ከጥግ እስከ ጥግ የቆመው የጎረቤት መኪና ሁሉ እንደኛው ተቦድሷል።

«ያንተስ ታክሲ?» አለችኝ።

የሱን ነገር ረስቼው ነበር። ያው ሆኗል።

እኛ እያየን ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሽማግሌው ነው። ከዚያ ሁሉ ትንፋሽ ያጠረው ንግግር የተረዳነው «ሴኞራ» እና «ኦል! ኦል!» የሚለውን ብቻ ነው። ሁሉም፣ መኪና ሁሉ። በማግስቱ የሱ ጋራዥ በር ላይ የተሰለፈው መኪና ጥጉን ዞሮ ነበር።

ቅዳሜ የሌዊስቪሉ ሰው መጣ። ፎቶዎቹን አየ፣ የተቃናውን ጎን ደጋግሞ ዞረ፣ የተቦዳደሰውን ጣራ አየና መሳቅ ጀመረ። የመጣበት የራሱ መኪናም ከዚያ የባሰ ነበር።

«ይሄን ጎን ማነው የሠራው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አለችው።

መኪናዋን ሳይገዛ፣ እንድታቃናለት የራሱን መኪና ቁልፍ ትቶላት፣ ሚስቱን በስልክ ጠርቶ ከሷ ጋር ሄደ።

በዚያ የጸደይ ወራትና በጋውን በሙሉ ባለቤቴ ከሽማግሌው ጋር ሠራች። ረጅም ዘንግ በበሩና በመብራቱ ቀዳዳ አስገብታ፣ ቀለሙን ሳትነካ ጉድጓዱን ከውስጥ መግፋት ተማረች። እጇ ብረቱን ያውቀው ስለነበር ቶሎ ገባት። ጥቁሯን መኪና እንደተቦዳደሰች ትነዳት ነበር፤ ለራሷ ጊዜ ከየት ታምጣ? የቆሸሸ የሥራ ቱታዋን ለብሳ ከዚያች ባለግርማ መኪና ስትወርድ የሚያያት ሰው ዞሮ ሳያይ አያልፍም።

እኔም አንድ ቀን ታክሲዬን ላሠራ ይዤ ሄድኩ። ባል ነኝ ብዬ ቀጥታ ወደ ውስጥ ስገባ ከመኪና ሥር ብቅ አለችና በዘንጓ ወደ ደጅ ጠቆመችኝ።

«እነዚህ ሰዎች ካንተ በፊት ነው የመጡት» አለችኝ። «ተራህን ጠብቅ።»

ፕላስቲክ ወንበር ስቤ ከደንበኞቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ ልጅቷን ታውቃታለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ናት አልኳት፤ እንደዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ተናግሬው አላውቅም።