ጉዳዩ የማን ነው?

የካ ውስጥ በወረዳ ምክር ቤት ሳገለግል፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው መንደራችን የመኪና መንገድ አልነበረውም። ጎረቤቴ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስናወርዳት፣ ዳገቱ መሀል ዝናብ እየወረደባት ተገላገለች። በማግስቱ ስለ መንገዱ ወረዳውን ጠየቅሁ።

«ደን አቋርጦ ስለሚያልፍ የፌዴራል ጉዳይ ነው» አሉኝ።

እንግዲያው እዚያው እሄዳለሁ ብዬ ለፓርላማ ተወዳደርኩ፤ ተመረጥኩም። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለዚያው መንገድ ነበር። ሚኒስትሩ፣ «ይህ እንኳን የወረዳ ጉዳይ ነው» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ወደ እርስዎ የላከኝ እኮ ወረዳው ራሱ ነው» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒስትሩ ዳገቱን አብረውኝ በእግራቸው ወጡ። የመንገዱ ሥራ ሲዘገይ፣ ሲያዩኝ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ድረስ ጠየቅኳቸው። ዛሬ አምቡላንስ እስከ መንደሩ ይወጣል።