ምንይችል ገና አልተረዳም

ምንይችልን በመልኩ የሚያውቀው ብዙ ሰው የለም። ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ዓመት ሙሉ አንድ ጃኬት የሚለብስ ሰው ነው፤ በመንገድ ቢያልፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አፉን ሲከፍት ግን የንፋስ መውጫ ከተማ በሙሉ ታውቀዋለች። በአብደላ ቪዲዮ ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ፣ ማይክሮፎን ጨብጦ የፈረንጅ ፊልም በአማርኛ ሲተረጉም ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሽጉጥ የታጠቀው ፈረንጅ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው የታች ጋይንት ድምፅ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚያ አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ። ዛሬ መምህር ሆኜ የሚቀሩትን ልጆች ስቆጣ ሳቄ የሚያመልጠኝ ለዚህ ነው።

ድምፁን ያመጣው ከጋይንቷ ቤተ ልሔም፣ ከድጓ ትምህርት ቤቱ ነው። እናቱ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ የኔነሽ ናት። «እታለም» ነው የሚላት። አርብ ገበያ አጠገብ ካለው መንደራቸው በእግሯ ይዛው ሄዳ ድጓ ይማር ብላ ለመምህራኑ የሰጠችው እሷ ናት። ድጓውን ጥሎ ከተማ ሲገባና ዘመድ ሁሉ ሲያወግዘውም «ተዉት፣ በድምፁ እንጀራ አያጣም» ብላ የቆመችለት እሷው ናት። ሚስት አግብቶ ፈትቷል፤ ልጅ የለውም። በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚላቸው የኔነሽንና ልጇን ሀናን ብቻ ነው።

ያቺ የኔነሽ ናት እንግዲህ ሆዷን ታማ ለቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር የሄደችው። ሀና አብራት ሄደች። ምንይችል «በማግስቱ እከተላችኋለሁ» እንዳለ መንገድ ተዘጋ፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ስልክም ጠፋ። የመጨረሻው ወሬ «ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ትገባለች፣ አታስብ» የሚለው የሀና መልእክት ነበር። ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሙሉ ምንም የለም። ከስንት አንዴ አንድ የጭነት መኪና ሾልኮ ይገባል እንጂ ሰው የሚጭን አልነበረም። ምንይችል በየጠዋቱ ስልኩን ከፍቶ ያያል፣ መልሶ ኪሱ ይከታል፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ያወጣዋል።

ስልክ ሲጠፋ የአብደላ ቪዲዮ ቤት ነፍስ ዘራ። ፊልም በእጅ ስልኩ ላይ ማየት የለመደው ጎረምሳ ሁሉ ወደ አግዳሚው ተመለሰ። ማክሰኞ ዕለት አብደላ ከደብረ ታቦር በፍላሽ የመጣ ፊልም ለምንይችል ሰጠውና፣ «ይኸን ለቅዳሜ አድርስልኝ። እኔ አይቼው ራሴን አዞረኝ» አለው።

ፊልሙ በእርግጥ ራስ የሚያዞር ነበር። ሰዎቹ ግንባራቸው ላይ ሽቦ ለጥፈው ይተኙና በአንድ ሰው ሕልም ውስጥ ይገባሉ። እሱ ሳያንስ በዚያ ሕልም ውስጥ ደግሞ አልጋ ፈልገው ይተኛሉ፤ ሌላ ሕልም ይመጣል። እዚያም ይተኛሉ። ዋናው ሰውዬ የሚፈልገው ከሁሉም በታች ባለው ሕልም ገብቶ የቀረ ወንድሙን ነው። ምንይችል የመጀመሪያውን ጊዜ አይቶ ሲጨርስ ማን እንደነቃ ማን እንደተኛ አላወቀም። ሁለተኛ አየው፤ በደብተሩ ጻፈ፣ ሰረዘ። የፊልሙን ደራሲ፣ አብደላን፣ ፍላሹንም ረገመ።

ረቡዕ ሦስተኛ ጊዜ ሲያይ ብርድ ስለነበር ጋቢውን ደርቦ ነበር። የጋቢውን ጠርዝ በጣቱ እያሸ ሳለ ድርቡን ቆጠረው። አራት። በፊልሙ ያሉት ሕልሞችም አራት ናቸው። የላይኛው ሲሳብ የታችኛው አብሮ ይሳባል፤ ላይ መኪና ሲንገጫገጭ ታች ቤት የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። «አገኘሁህ!» ብሎ ብቻውን ጮኸ። ለተመልካቹ ‹ሕልሙ እንደ ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ሰውዬው አሁን ሦስተኛው ላይ ነው› ቢለው የማይገባው ጋይንቴ የለም።

ፊልሙ አንድ ሌላ ሕግም ነበረው። በሕልም ውስጥ የምታገኛቸውን ሰዎች የሠራቸው የራስህ አእምሮ ስለሆነ አይጣሉህም፤ ያልከውን ሁሉ «ልክ ነህ» ይሉሃል። የሚከራከርህ ካገኘህ ነቅተሃል ማለት ነው። ስለዚህ ሰውዬው በየደረሰበት ጠብ ይፈልጋል። ምንይችል ይኸን በጣም ወደደው።

ሐሙስ ጠዋት ደስ ብሎት ወደ አብደላ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አብደላ ከጎኑ ሻይ ቤት ካላት ከስንዱ ጋር ያወራል። የስንዱን ምላስ የማይፈራ በከተማው የለም፤ ጠጥቶ ብርጭቆውን አርቆ ያስቀመጠ ሰው እንኳ ሳይሰደብ አይወጣም።

«ተረድቷል?» ትላለች ስንዱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ አልተረዳም» አለ አብደላ። «እስከ እሑድ ይቆይ ተብሏል።»

ምንይችል ደሙ ፈላ። ሃያ ዓመት የተረጎመ ሰው አንድ ፊልም መረዳት አቃተው ብለው ያሙታል! በሩን በርግዶ ገባና፣ «ተረድቻለሁ!» አለ።

ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አብደላ ከወንበሩ ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ።

«ምኑን?» አለ ቀስ ብሎ።

«ፊልሙን ነዋ! ሌላ ምን አለ?»

አብደላ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ስንዱ «አበጀህ» ብላ ወጣች። ስንዱ ሰውን «አበጀህ» ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ምንይችል የጋቢውን ነገር ሲያስረዳ አብደላ በየቃሉ «ልክ ነህ» ይላል። እሱም ደስ እያለው ወጣ።

መንገድ ላይ ነው ያስቆመው። ያስቆመው የገዛ አማርኛው ነው። ነገር የገባው ሰው «ተረዳ» ይባላል። ዘመዱ መሞቱ የተነገረውም «ተረዳ» ነው የሚባለው። ደግሞስ ፊልሙ የሚታየው ቅዳሜ ነው፤ እስከ እሑድ የሚቆየው ምንድን ነው? አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፍቶበት አልፎ ሄደ።

በአገራችን መርዶ እንደ ተገኘ አይነገርም። የቅርብ ዘመድ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ባለሐዘኑ ብቻ ነው። ያጫውቱታል፣ ያበሉታል፣ ዓይኑን ግን አያዩትም። ምንይችል ራሱ ስንቱን ጎረቤት እንዲህ አድርጎ አቆይቷል፤ ድምፁ ሐዘን ያውቃል እየተባለ ከነጋሪዎቹ ጋር ስንቱን በር አንኳኩቷል። አሁን የትኛው ድርብ ላይ እንዳለ ጠፋው።

አብደላን ለምን አልጠየቀውም ትሉ ይሆናል። በሕይወት ስላለ ሰው «ሞተች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ማሟረት ነው። እታለም ይኸኔ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ አጥሚት እየጠጣች ቢሆንስ? በገዛ አፉ ሊገድላት ነው? ፈራ። በጣም ፈራ። ስለዚህ የቀረው የፊልሙ መንገድ ብቻ ነበር፦ ጠብ መፈለግ።

ዓርብ ጠዋት ከጎረቤቱ ከጋሽ ክንዱ ጀመረ። ጋሽ ክንዱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ክርክር ካገኙ ምሳ ይረሳሉ። ያን ቀን ንፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ሽማግሌው ሁለት ጋቢ ደራርበው ደጃፋቸው ላይ ተኮራምተዋል።

«ጋሽ ክንዱ፣ ዘንድሮስ ከተማችን ሞቀች፤ አንቱስ አልታወቀዎም?» አላቸው።

ጋሽ ክንዱ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «እውነትህን ነው ልጄ፣ ሞቃለች» አሉ፤ አሉና ወደ መሬት አዩ።

ከዚያ አብደላን፣ «ከፊልሙ ግማሹን ቆርጬ ነው የማሳየው» አለው።

«እንደ ወደድክ ወንድሜ» አለ አብደላ። አብደላ እንኳን ግማሽ ፊልም ግማሽ ደቂቃ የሚያስቆርጥ ሰው አልነበረም። ምንይችል ያን ቀን እህል በአፉ አልዞረም። ሌሊቱንም አልተኛም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ቤቱ ጢም አለ። ጀመረው። ጋቢውን አስረዳ፣ ድርቡን አስቆጠረ። ሰውዬው ጠብ እየፈለገ በየመንገዱ ሰው የሚገፈትርበት ቦታ ሲደርስ ግን ማይክሮፎኑን ከአፉ አራቀ። ፈረንጆቹ ብቻቸውን በእንግሊዝኛ ቀሩ። በሌላ ቀን ምንይችል ምራቁን ለመዋጥ እንኳ ቢያቆም ፉጨቱ ጣሪያውን ያነሣዋል፤ «ተርጓሚው ተኛ! ቀስቅሱት!» ይባላል። ያን ቀን ማንም አላፏጨም። በመጋረጃው ቀዳዳ አሾልኮ አየ። ከፊት ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ማይክሮፎኑን አስቀምጦ በጓሮ በር ወጣ።

የቀረችው ስንዱ ብቻ ናት። ስንዱ ካልተሳደበች በቃ፣ አልቋል። ገብቶ ተቀመጠ። ሻይ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ፉት አለ።

«ይኼ ሻይ ነው ወይስ የዕቃ እጣቢ?» አላት።

ስንዱ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን አየችው፤ ቆየት ብላ አየችው። ከዚያ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ጫነች። የሚቀጥለውን ከራሷ ጠይቄ ነው የጻፍኩት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«እጣቢ? አንተ! ያቺን ጃኬት ሳታጥብ ዓመት የምትከርም ሰው እጣቢ የት አይተህ ታውቃለህ? ተነሥ ከወንበሬ! በሰው አፍ ስታወራ ውለህ ለራስህ አንዲት ደህና ቃል አጣህ? የቤተ ልሔም መምህራን ድጓ ቢያስተምሩህ አንተ የፈረንጅ ጥይት ይዘህ መጣህ፤ ጧ! ጧ! ጧ! ይኸው ነው ሙያህ። ሚስትህ ጥላህ የሄደችው ወዳ መሰለህ? ጆሮዋን ብላ ነው!»

ምንይችል ሳቀ። ከሆዱ ሳቀ። ደረቱ ላይ ተጭኖት የሰነበተው ነገር ተነሣለት። ነቅቷል። ስንዱ ተሳድባለች፤ እንዲህ የሚሰደብ ባለሐዘን የለም። እታለም አለች።

«ስንድዬ፣ እባክሽ ጨምሪልኝ!»

«ሻዩን?»

«ስድቡን!»

ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ጨመረችለት።

ተመልሶ ገባና ፊልሙን ጨረሰው። ያዩት ሁሉ እንደሚሉት እንደዚያ ቀን ተርጉሞ አያውቅም። ማታ ቤቱ ሄዶ ሁለት እንጀራ በላ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፊት የንስሐ አባቱ አባ ተክለሃይማኖት ቆመዋል። ከኋላቸው ጋሽ ክንዱ፣ ከሳቸው ኋላ አብደላ አንገቱን ደፍቶ። በመጨረሻ ሀና አለች፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ማታ በጭነት መኪና ነው የገባችው። አባ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» ከማለታቸው በፊት እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የኔነሽ ለቀዶ ጥገናው ማደንዘዣ ከወሰደች በኋላ አልነቃችም። እዚያው ባሕር ዳር ተቀብራለች። ወሬውን ያመጣው ረቡዕ የገባ ሹፌር ነው፤ ሀና ቅዳሜ ማታ ሌላ ሹፌር ለምና እንደምትገባ ስለተናገረ፣ እስክትደርስ ይቆይ ተብሎ ነው። ምንይችል ያን የድጓ ድምፁን አውጥቶ «እታለም!» ብሎ ሲጮኽ ከሰፈሩ አልጋው ላይ የቀረ ሰው አልነበረም።

ረፋድ ላይ፣ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲበዛ፣ ስንዱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። ውኃ ሰጠችውና አጠገቡ ተቀመጠች። አላያትም።

«ታውቂ ነበር» አላት።

«ከረቡዕ ጀምሮ።»

«ታዲያ ትናንት?»

«ትናንት ስድብ ፈልገህ መጣህ። ዓይንህ ደም መስሏል፤ ስንት ቀን እንዳልተኛህ አየሁ። እንግዲህ ነገ መነገሩ አይቀርም፣ ይህችን አንዲት ሌሊት እንኳ ይተኛ ብዬ ነው።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «በድለሽኛል በለኝ፣ እሺ እላለሁ።»

ሊቆጣት ፈልጎ ነበር። ቃሉን ፈለገ፤ ሃያ ዓመት ለሰው ሁሉ ቃል ሲያወጣ የኖረ ሰው አላገኘውም።

«ተኛሁ፣ ስንዱ» አላት። «ደህና አድርጌ ተኛሁ።»