የሦስት ቀን ንስሐ

የእርጥብ ደንገል ሽታ አጎቴን ያስታውሰኛል። በጣሊያን ጊዜ ከጣሊያኖች ምሽግ ኮኛክ እየለመነ ይጠጣ ነበር። አንድ ቀን እናቴ እግር ላይ ወድቆ፣ "በኪዳነ ምሕረት፣ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ!" እያለ አለቀሰ።

"እንባህን ተወው" አለችው፣ ምስሯን እየለቀመች። "የደንገል ታንኳችንን በየቀኑ ከውሃ እያወጣህ አድርቃት። ካልደረቀች ትሰምጣለች።"

ሦስት ቀን አወጣት። በአራተኛው ሰክሮ ተኛ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እናቴ ራሷ እየጎተተች ፀሐይ ላይ ስታቆማት አየሁ። በወሩ ጣሊያኖች አባቴን ሊይዙት ሲመጡ፣ በዚያች ደረቅ ታንኳ ወደ ዘጌ አመለጠ።

"አየሽ እታለም፣ ንስሐዬ ሠራ!" አለ አጎቴ።

"የሦስት ቀን ንስሐ እንኳን ጣናን ኩሬም አያሻግር" አለችው።

አባቴን ያተረፈልን አምላክ ይመስገን። ዛሬ ልጄ መጠጥ ሊተው ሲምልልኝ፣ "ታንኳዋን ነገም ታወጣታለህ?" ብቻ እለዋለሁ።